የመንገድ ዕዳ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የተጓዘ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ገበያ የዋለው ሕዝብ ወደየቀዬው ሲመለስ መንገዱን ሞልቶ ይሄዳል፤ አህያው ከነጭነቱ፣ ሴቲቱ ከነአዘለችው ልጅ፣ እረኛው ሳይሸጥ ከቀረው በጉ ጋር። ከኋላ መኪና ይመጣና ክላክሱን ያንባርቀዋል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ይበተናል። አህያዋ ወደ ግራ፣ ባለቤቷ ወደ ቀኝ፣ ልጁ ወደ ቦዩ። መኪናው አቧራውን አልብሷቸው ያልፋል። ውስጥ የተቀመጥነው ደግሞ ወይ እንሥቃለን፣ ወይ «አይ ባላገር! መንገድ መልቀቅ እንኳ አያውቅም» እንላለን፣ ወይም ጨርሶ ልብ አንለውም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህችው ተራ ነገር ናት። ተራ ስለሆነችም ነው ያነሣናት፤ በየቀኑ የሚደረግ ነገር ብዙ ጊዜ ትክክል የሚመስለው በየቀኑ ስለሚደረግ ብቻ ነውና። ጥያቄያችን እንዲህ ነው፦ መኪናው እግረኛውን ከመንገድ የሚያስወጣው በምን መብት ነው? የትራፊክ ደንቡ ምን ይላል ማለታችን አይደለም፤ እሱን ሾፌሩም ፖሊሱም ያውቁታል። የምንጠይቀው ኅሊና ምን ይላል ብለን ነው።

ነገሩን በመኝታ ክፍላችን አንሥተን ሌሊቱን ተከራክረንበታል። አንደኛው ወገን «መኪናው ፈጣን ስለሆነ ነዋ!» አለ። ፍጥነት ግን ችሎታ እንጂ መብት አይደለም፤ ነብርም ፈጣን ነው። ሁለተኛው «ባይለቅ ይሞታላ፤ ይህ ምን ፍልስፍና ያስፈልገዋል?» አለ። እርግጥ ነው ይሞታል። ይሁን እንጂ ይህ የሽፍታ ክርክር ነው። ሽፍታ ጠመንጃውን ደግኖ «ጋቢህን አምጣ» ቢለን እንሰጠዋለን፤ መስጠታችን ግን ጋቢውን የሱ አያደርገውም። ሦስተኛው ክርክር ጠንከር ይላል፦ «መንገዱ የተሠራው ለመኪና ነው፤ እንግዳው እግረኛው ነው።» ይህኛው እንዲሁ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም፤ በታሪክ መመርመር አለበት።

መኪና ወደዚህ ደጋ ከመምጣቱ በፊት መንገድ ነበረ። ከቦረና ወደ ሳይንት፣ ከሳይንት ወደ ለጋምቦ፣ ወደ ታች ደግሞ እስከ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን የእግር መንገድ የቀየሰው መሐንዲስ ሳይሆን የሰውና የከብት ኮቴ ነው። ያለፈውን ዘመን ማሞካሸት መቼም የኛ ሥራ አይደለም። ባላባቱ በበቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ አሽከር ከፊትና ከኋላ አስከትሎ ሲመጣ ደኻው ገበሬ ከመንገድ ወጥቶ እጅ ይነሣ ነበር። ያም ቢሆን እኩልነት አልነበረም። ሆኖም በበቅሎውና በእግረኛው መካከል አንድ የማይበጠስ ክር ነበረ። ዳገቱ ሁለቱንም ያደክማቸዋል፤ ወንዙ ሲሞላ ሁለቱም ዳር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሲመሽ ደግሞ በቅሎ የተቀመጠው ሰው ከአንዱ ገበሬ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ማለቱ አይቀርም። በወሎ ደግሞ ባለቤቱ እስላም ይሁን ክርስቲያን ለዚህ ጥሪ በሩን ይከፍታል። ስለዚህ ፈጣኑ ሰው ማታ ማታ የዝግተኛው እንግዳ ነበር። ጧት በመንገድ ላይ ያዋረደውን ሰው ማታ እራት ሊለምነው እንደሚችል ያውቃል። የመኪና ተሳፋሪ ግን በእግረኛው ደጅ ሽው ብሎ ያልፋል እንጂ ማደሪያ አይለምነውም። እኛ እንደሚመስለን መኪና ያመጣው ትልቁ ለውጥ ፍጥነቱ ሳይሆን ይህ ነው፦ ፈጣኑ ዝግተኛውን የማይፈልገው መሆኑ።

አሁን ወደ መንኮራኩሩ። በዚህ አገር መንኮራኩር እንዲያልፍበት መንገድ መጥረግ ምን ዋጋ እንደሚጠይቅ በታሪክ የተመዘገበ ጉዞ አለን፤ የተደረገውም ከኛ ራቅ ሳይል ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ጋፋት ላይ የተሠራውን ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን በሠረገላ ያስጎትቱ ነበር። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው ይባላል። ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀ። በደላንታ ሜዳ አድርገው፣ የበሽሎን ገደል ወርደውና ወጥተው መቅደላ እስኪደርሱ ድረስ መድፉ የሄደበት መንገድ በሙሉ በሰው እጅ ተፈንቅሎ፣ ተደልድሎ፣ ተጠርጎ ነው። ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር፤ ይህን ጠላቶቻቸው እንኳ መስክረውላቸዋል። በገመድ የጎተተው ግን ወታደሩና ባላገሩ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ፤ መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ስለ ንጉሡ ቆራጥነት ብዙ ተጽፏል፤ እኛ እዚህ የምናነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። መንገዱን ያወጡት ሰዎች አንዳቸውም በመንኮራኩሩ ላይ አልተቀመጡም።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ዎልስሌይ የተባለ መኪና አዲስ አበባ አግብቶ ለአፄ ምኒልክ አስረከበ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ በሌላ መኪና ተከተለ። ከዚያ በፊትም ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። ምኒልክ አዲስ ነገር ወዳድ ስለነበሩ መኪናውን ወደዱት። እንግዲህ መኪናው ከመንገዱ ቀድሞ መጣ ማለት ነው። በነበረው በእግረኛውና በበቅሎው መንገድ ላይ እንግዳ ሆኖ ገባ። «እንግዳው እግረኛው ነው» ያለው ጓደኛችን ይህን ልብ ይበልልን።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። እንግሊዞች በ1865 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ በእንፋሎት የሚሄድ ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ሲወጣ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው ከፊት ከፊቱ በእግሩ እንዲሄድ አዘው ነበር። ሰው ይሥቅበታል፤ የባቡርና የፈረስ ጋሪ ነጋዴዎችም የራሳቸውን ጥቅም ለመጠበቅ ደግፈውት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ውስጡ ያለውን ሐሳብ እናስተውል። ፍርሃት የሚያመጣው ነገር በእግረኛው ልክ ይሂድ፤ ማስጠንቀቅ ያለበት አደጋውን ይዞ የመጣው ነው። ዛሬ ግን አደጋውን የመጠንቀቅ ግዴታው የእግረኛው ሆኗል። ይህ መገለባበጥ መቼና እንዴት መጣ? ለዚህ ወደ አሜሪካ መሻገር ያስፈልጋል፤ መኪና የሕዝብ ዕቃ የሆነው እዚያ ነውና።

በ1900 እ.ኤ.አ. በመላ አሜሪካ የነበረው መኪና 8,000 ያህል ብቻ ነበር፤ እሱም የሀብታም መጫወቻ። (በዚያ ዓመት ከተሠሩት ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በባትሪ የሚሄዱ ነበሩ። እኛ አገር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከል ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ትናንት የተፈለሰፈ መስሎት ነበር።) የአሜሪካ ገበሬ መኪናን አይወድም ነበር። ፈረሱን ያስደነብርበታል፣ ዶሮውን ይፈጅበታል፣ አቧራውን ሰብሉ ላይ ያራግፍበታል። የኛን ገበሬ ቅሬታ ቁርጥ! «ጥሩ መንገድ ይሠራልን» ብለው መጀመሪያ የጮኹትም ባለመኪናዎች ሳይሆኑ ባለብስክሌቶች ናቸው።

ከዚያ ሄንሪ ፎርድ መጣ። በ1908 ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና በ850 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በ1913 መኪናው ራሱ እየተጎተተ ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ የሚያልፍበትን አሠራር ሲጀምር፣ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ገጠማ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። ዋጋውም ከጊዜ በኋላ ከ300 ዶላር በታች ሆነ። የዚህ ዓይነት መኪና ምርት በ1927 እስኪቆም ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠራ። መኪናን ይራገም የነበረው ገበሬ ገዛው፤ እህሉን ጫነበት፣ ቤተሰቡን ቤተ ክርስቲያን አደረሰበት።

በከተማ ግን ነገሩ ደም የፈሰሰበት ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት ብቻ በአሜሪካ ከ200,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞቷል፤ በከተሞቹ ከሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ሲሆኑ ሕፃናት በርካታ ነበሩ። ሕዝቡ ተቆጣ። በ1923 በሲንሲናቲ ከተማ ከ42,000 በላይ ሰው ፈርሞ፣ መኪና ሁሉ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ የሚያግድ መሣሪያ ይገጠምበት ሲል ጠየቀ። የመኪና ነጋዴዎች ተባብረው ዘመቱበትና ሐሳቡ በድምፅ ወደቀ። ከዚያም በኋላ ጥፋቱን ወደ እግረኛው የሚያዞር አንድ ቃል በጋዜጣና በየትምህርት ቤቱ ተሰበከ፤ ቃሉም «ጄይዎከር» ነው። «ጄይ» በጊዜው አነጋገር የከተማ ወግ የማያውቅ ባላገር ማለት ነበር። «መንገድ መሻገር የማያውቅ ባላገር» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ከአውቶቡሱ ውስጥ ሆነን «አይ ባላገር!» የምንለው ስድብ በእንግሊዝኛም ተሰድቧል፤ ያውም ሆን ተብሎ፣ መንገዱን ከሰው ለመንጠቅ።

የአሜሪካ እግረኛ በዚህ ክርክር ረታ ወይስ ተረታ? እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም አይደለም። መኪናው ውስጥ ገባና ክርክሩን ተወው። በ1929 በአገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ ነበር። ጧት እግረኛ የነበረው ማታ ሾፌር ከሆነ፣ የሾፌሩ መብት የሱም መብት ነው፤ የሚነጠቀውንም የሚነጥቀውንም አንድ ሰው ሲሆን ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ይሟሟል። የኛ አገር ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በኢትዮጵያ ለመቶ ሰው አንድ ተሽከርካሪ ቢደርሰው ነው፤ ቦረና ላይ ቢቆጠርማ ከዚያም ያንሳል። «ሁሉም ሰው መኪና ሲኖረው ችግሩ ይፈታል» የሚለን ሰው ዛሬ በቦዩ ውስጥ ለቆመው ልጅ የሚሰጠው መልስ የለውም። ጥያቄው ለኛ እንደ ተከፈተ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሰፊ የመኪና መንገድ በዚህ በወሎ በኩል የመጣው ከጦርነት ጋር ነው። ኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የጠላት ካሚዮን ተከተለ። ጣሊያን በአምስት ዓመት ውስጥ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ እስከ አሥመራ መንገድ ዘረጋ፤ ጣርማ በርንም ቦርቡሮ አለፈ። የሠራው ሊገዛን ነው። ትቶልን ከሄደው አንዱ ቋንቋው ነው፦ መኪና፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ። (መራመድ፣ መገስገስ፣ ማዝገም፣ መኳተን፣ መንጎድ ... ስለ እግር ጉዞ ያለን ቃል ሁሉ የራሳችን ነው፤ ስለ መኪና ያለን ደግሞ የባዕድ። ይህን የቋንቋ ክፍል ተማሪዎች ቢያስቡበት።) ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ገንዘቡ ከዓለም ባንክ ተበደርነው፤ መጀመሪያ ላይ ሥራውን የመሩት ከአሜሪካ የመንገድ ቢሮ የመጡ መሐንዲሶች ናቸው። ልማዳቸውን ይዘው መጡ፤ ለመኪና የሚሠራ መንገድ። ስለ አህያዋ የሚያስብ ሰው በዕቅዱ ውስጥ ነበረ ብለን አንገምትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ሲገባ የተራበው ሕዝብ ከየደጋውና ከየቆላው ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ለምን ወደ መንገዱ? እህል የሚያልፈውም፣ የሚያይ ዓይን የሚያልፈውም በዚያ ስለሆነ ነው። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለተማሪው ባሳዩ ጊዜ ነው ብዙው ሰው ጉዱን ያወቀው። በ1977 ደግሞ መጠለያዎቹ የተተከሉት በኮረም፣ በአላማጣ፣ በባቲ፣ ማለትም መኪና በሚደርስበት ነበር። ከመንገድ የራቀው ደጋ ሰው ለመኖር ከፈለገ መራመድ ነበረበት፤ ሊራመድ ያልቻለው ከዓይን ተሰውሮ ቀረ። በዚያው ዓመትና በሚቀጥለው 600,000 ያህል ሰው፣ አብዛኛው ከወሎ፣ በአውቶቡስ፣ በካሚዮንና በአውሮፕላን ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ጎጃም ተወስዶ ሰፈረ። ወድዶ የሄደ ነበረ፤ ተገድዶ የተጫነም ነበረ። እህል ያመጣው መኪና ሰውን ይዞ ሄደ። ከእናቱ የተለየ ልጅ፣ ከሚስቱ የተለየ ባል ስንት እንደ ነበረ በየመንደሩ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ይቻላል፤ ዛሬም ይናገራሉ።

ይህን ስናነሣ መኪናን ለመኮነን አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ያስረዳል። መንገድ የሌለበት ቦታ ሰው ሳይታይ ይሞታል። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል መውረድና መውጣት ምን እንደሆነ ከመካከላችን ያየ አለ፤ አምቡላንስ ደጃፉ በደረሰለት ቀበሌ ውስጥ መኪናን የሚረግም ሰው አይገኝም። ግን እዚህ ላይ ነው ሦስተኛው ክርክር የሚወድቀው። መንገዱ የተሠራው ለመኪና ቢሆን ኖሮ መኪናው ምን ያደርጋል? መንገዱ የተሠራው ሰው ከሰው እንዲደርስ ነው፤ መኪናው የመንገዱ አገልጋይ ነው። በየገጠሩ በዶማና በአካፋ፣ በዘመቻና በምግብ ለሥራ የተቆፈረውን መንገድ የቆፈረው ያው በቦዩ ውስጥ የቆመው ገበሬ ነው። በሴባስቶፖል ጊዜ እንደ ነበረው ሁሉ።

ታዲያ ዕዳው ምንድን ነው? በሬ ሰው ቢወጋ፣ ባለቤቱም በሬው ተዋጊ መሆኑን እያወቀ ካላሰረው ተጠያቂ እንደሚሆን ከኦሪት ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 ከዚህም አልፎ ሄዷል። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ «ጥፋት የለብኝም» ማለት አያድነውም። ይህ ትልቅ ሐሳብ ነው። አደገኛ ነገር ወደ ጋራ መንገድ ለራሱ ጥቅም ያወጣ ሰው፣ ክፉ ባይሆንም፣ ባለዕዳ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ሕጉ አንዲት ቀዳዳ አላት፤ ተጎጂው ራሱ ጥፋተኛ ከሆነ ባለቤቱ ሊድን ይችላል። በተግባር ሁላችንም ተሯሩጠን የምንገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ሰው ተገጨ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ምን ሊሠራ መሐል መንገድ ገባ?» የሚል ነው። ጄይዎከር! ከዚህም በላይ ሕግ የሚመጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሣ ተቆርጦ፣ የደም ነገር ይበርዳል፤ ወሎ በዚህ ጥበብ አይታማም። የኅሊና ዕዳ ግን የሚከፈለው ክላክሱ ከመነፋቱ በፊት ነው።

አንድ ጓደኛችን ጥፋቱን ሁሉ ሾፌሩ ላይ ጫነ። አይሆንም። ሾፌሩ በምልልስ የሚከፈለው ሰው ነው፤ ባለመኪናው «ስንት ጊዜ ተመላለስክ?» ይለዋል እንጂ «ስንት ጊዜ ቆምክ?» አይለውም። ረዳቱም የሌሊት ዕንቅልፍ የለውም። ከነሱ ይልቅ ስሙ የማይነሣ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ተሳፋሪው ነው። ሾፌሩ ቀዝቀዝ ሲል «ምነው፣ በሬ ነው እንዴ የምትነዳው? ንዳው እንጂ!» የሚለው ማን ነው? ሒሳቡን የከፈለው ለመድረስ ስለሆነ ፍጥነቱ የሱ ትእዛዝ ነው። መሪውን ስላልጨበጠ ብቻ እጁን መታጠብ አይችልም።

ይህ ተሳፋሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኛ ነን። ለትምህርት ስንመላለስ የአውቶቡሱን ወንበር የምንሞላው ተማሪዎች ነን፤ ብዙዎቻችንም በእግሩ ሄዶ አህያ የሚነዳ አባት ያለን ነን። ያ ወደ ቦዩ የዘለለው ሽማግሌ ፊቱ በአቧራ ስለ ተሸፈነ አላወቅነው ይሆናል እንጂ የማንኛችንም አባት ሊሆን ይችላል። አውቀነው ቢሆን ኖሮ «አቁም!» እንል ነበር። ስለዚህ ችግሩ እንዴት መሆን እንዳለበት አለማወቃችን አይደለም፤ ለአባታችን የምናውቀውን ለሌላው አባት አለማወቃችን ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው ነገር ቀላል ነው፤ መንገድ ሲሠራ ለእግረኛና ለጭነት ከብት የሚሆን ዳር አብሮ እንዲሠራ መጠየቅ፣ በገበያ ቀን በገበያ በር ላይ መኪና በሰው እርምጃ ልክ እንዲያልፍ ማድረግ። እነዚህን ወረዳውም መሐንዲሱም ያውቋቸዋል። ገና ያልተሞከረው ሌላው ነው። በሚቀጥለው ጉዞ መኪናው ከአቀስታ ተነሥቶ የገበያውን ሕዝብ ሲቃረብ፣ ከመካከላችን አንዱ ብድግ ብሎ «ሾፌር፣ እባክህ ቀስ በልልን፤ ክላክሱንም ተወው» ቢል የቀሩት ተሳፋሪዎች ምን እንደሚሉት እናውቃለን። ያኔ ከኋላ ወንበር «ልክ ነው፣ ቀስ ይበል» የሚለው ሁለተኛው ሰው ማን ይሆን?